የኩላሊት እጥበትና የኩላሊት ንቅለ ተከላ፦ ወጪውን አስቀድሞ ስለ መቁጠር



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቁምስና በምናገለግልበት ጊዜ፣ በአካባቢው ሁሉ የተከበሩ አንድ መምህር ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ አቆሙ። ቤተ ዘመድ፣ የእድሩ አባላትና የቁምስናው ምእመናን ተባብረው ገንዘብ አዋጡ፤ እኛም በየወሩ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሙዳየ ምጽዋት እያዞርን የተገኘውን እናስረክብ ነበር። መምህሩ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ጀመሩ። በሰባተኛው ወር ሁለት ላሞች ተሸጡ፤ በዐሥረኛው ወር የባለቤታቸው ጌጥና የቤቱ ዕቃ ተከተለ፤ እጥበቱም ከሦስት ቀን ወደ ሁለት፣ ከሁለትም ወደ አንድ ዝቅ አለ። በዐሥራ አራተኛው ወር ታናሽ እኅታቸው «ለወንድም ጋሼ አንዱን ኩላሊቴን እኔ እሰጠዋለሁ» ብላ ቀረበች፤ ምርመራውም ኩላሊቷ እንደሚስማማ አሳየ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ለጉዞም ሆነ ለመድኃኒት የቀረ ነገር አልነበረም። መምህሩ ከሁለት ወር በኋላ ዐረፉ። ከሐዘኑ በኋላ እኅትየውን «ምነው ቀደም ብለሽ ብትናገሪ?» ስንላት «ማን ጠየቀኝ?» ብላ መለሰችልን።

ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋችም። በዚያ ዓመት የተሰበሰበው ገንዘብ ትንሽ አልነበረም፤ የጐደለው ተቀምጦ የሚቈጥር ሰው ነበር። ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ያስተማረውን ደጋግመን ሰብከነዋል፤ በዚያ ቤት ግን እኛም ራሳችን ሳንቈጥር ድንጋይ ስናቀብል ከርመናል። ስለዚህም በዚህ እትም የኩላሊት እጥበትና የኩላሊት ንቅለ ተከላ ወጪያቸው እንዴት እንደሚነጻጸር፣ ንጽጽሩም ለቤተሰብ፣ ለእድርና ለቁምስና ምን እንደሚያስተምር ባጭሩ እንመለከታለን። ጽሑፉ የሐኪምን ምክር የሚተካ ሳይሆን ወደ ሐኪም ስንቀርብ ምን መጠየቅ እንደሚገባን የሚያመለክት ነው።

1. ኩላሊት ምን ይሠራል? የሚደክመውስ በምን ምክንያት ነው?

ሁለቱ ኩላሊቶቻችን እያንዳንዳቸው የጨበጡት እጅ ያህል መጠን ያላቸው ሲሆኑ፣ በየአንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ረቂቅ ማጣሪያዎች ይገኛሉ። እነዚህ ማጣሪያዎች በአንድ ቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚህም አብዛኛውን ወደ ደም መልሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር የሚሆነውን ብቻ በሽንት ያስወጣሉ። ከዚህም በላይ ኩላሊት የደም ግፊትን ያስተካክላል፣ ለቀይ ደም መመረት የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር ያዘጋጃል፣ አጥንትንም ያጸናል።

ኩላሊት የሚደክመው ብዙውን ጊዜ ቀስ በቀስና ያለ ሕመም ነው። ዋነኞቹ ምክንያቶች የስኳር በሽታና የደም ግፊት ሲሆኑ፣ የኩላሊት ብግነት፣ የሽንት መተላለፊያ መዘጋት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ እንደ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ይጨመሩባቸዋል። ሕመምተኛው ፊቱና እግሩ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮትና ምግብ አስጠልቶት ወደ ሕክምና በሚመጣበት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ የኩላሊቱ ዐቅም አልቆ የቀረው ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ደረጃ በኋላ በሕይወት ለመቆየት ያለው መንገድ ሁለት ነው፤ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ።

2. ሁለቱ ሕክምናዎች እንዴት መጡ?

ሀ/ እጥበት። የሰው ሕይወት ለማትረፍ የበቃውን የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ኩላሊት የሠሩት ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ አገራቸው በጀርመን ጦር በተያዘችበት ጊዜ፣ ካምፐን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1943 ለቋሊማ መጠቅለያ የሚያገለግል ሴሎፋን በሚሽከረከር በርሜል ላይ ጠምጥመው ደምን ማጠብ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች አልዳኑም፤ በ1945 ግን አንዲት ሴት በዚህ መሣሪያ ከሞት ተረፈች። ሆኖም በእያንዳንዱ እጥበት የደም ሥር ስለሚበላሽ ሕክምናውን ደጋግሞ መስጠት አልተቻለም ነበር። ይህን ችግር በ1960 በአሜሪካ የሲያትል ከተማ ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር በክንድ ላይ ተተክሎ በሚቆይ የቴፍሎን ቱቦ ፈቱት። ከዚያ ወዲህ እጥበት ዘወትር የሚሰጥ ሕክምና ሆነ። ዛሬ የተለመደው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ሲሆን፣ ለአንዱ እጥበት ብቻ 120 ሊትር የሚያህል ልዩ ሆኖ የተጣራ ውኃ ያስፈልጋል። በሆድ ዕቃ ውስጥ ፈሳሽ በማስገባትና በማስወጣት በቤት የሚደረግ ሌላ ዓይነት እጥበትም አለ።

ለ/ ንቅለ ተከላ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከአንድ ጤነኛ ሰው ኩላሊት ወስደው ለመንትያ ወንድሙ ተከሉ። ተቀባዩ ስምንት ዓመት ኖረ፤ ሰጪው ወንድም ደግሞ በአንድ ኩላሊት 56 ዓመት ኖሮ በ2010 ዐረፈ። ዶክተር መሪ ስለዚህ ሥራቸው በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ያ ተከላ የተሳካው ወንድማማቾቹ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩና የአንዱ አካል የሌላውን እንደ ባዕድ ስላልቈጠረው ነው። መንትያ ላልሆነው ሰው ሁሉ ግን ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይዋጋ የሚከለክል መድኃኒት ያስፈልጋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተስፋፋው ሳይክሎስፖሪን፣ ከእርሱም በኋላ የመጣው ታክሮሊመስ ንቅለ ተከላን ለብዙዎች የሚደርስ ሕክምና አደረጉት። ነገር ግን እዚህ ላይ አንባቢ በጥብቅ እንዲያስተውል የምንሻው ነገር አለ፤ ይህ መድኃኒት ኩላሊቱ እስከ ሠራ ድረስ በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው። ንቅለ ተከላ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚያበቃ ሕክምና አይደለም።

3. የሌሎች አገሮች ስሌት ምን ያሳያል?

በካናዳ በ1996 የታተመ አንድ ጥናት ሕመምተኞችን ከተከላው በፊትና በኋላ እየተከታተለ ወጪያቸውን መዘገበ። በእጥበት ላይ ሳሉ የአንድ ሰው ሕክምና በዓመት 66,782 የካናዳ ዶላር ፈጅቶ ነበር። ተከላው በተደረገበት የመጀመሪያ ዓመት ወጪው 66,290 ዶላር ሆነ፤ ይህም ከበፊቱ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ዓመት ግን ወደ 27,875 ዶላር ወረደ። ከዚህም በቀር ከመቶው ሕመምተኛ በሥራ ላይ የነበረው 30 ሲሆን፣ ከተከላው ሁለት ዓመት በኋላ 45 ደረሰ።

የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት በ2009 ያቀረበው ስሌት ደግሞ ለማንም በቀላሉ የሚገባ ነው። እጥበት ለአንድ ሰው በዓመት 30,800 ፓውንድ ይፈጃል። ተከላው ራሱ 17,000 ፓውንድ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ በየዓመቱ 5,000 ፓውንድ ያስወጣል። እንግዲህ ዐሥር ዓመት እንቍጠር፦ እጥበቱ 308,000 ፓውንድ ይሆናል፤ ተከላው ከዐሥር ዓመት መድኃኒት ጋር 67,000 ፓውንድ ይሆናል። ልዩነቱ 241,000 ፓውንድ ነው። አንድ ኩላሊት የተተከለለት ሰው ለአገሩ በየዓመቱ 24,100 ፓውንድ ያተርፋል ማለት ነው።

በአሜሪካም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን በ2010ዎቹ መጨረሻ ለአንድ የእጥበት ሕመምተኛ በዓመት ከ90 ሺህ ዶላር በላይ ሲከፍል፣ ኩላሊት ተተክሎለት ለሚኖር ሰው የሚከፍለው ከ40 ሺህ ዶላር በታች ነበር።

ስለ ዕድሜም ቢሆን ልዩነቱ ግልጽ ነው። በ1999 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ኩላሊት የተተከለላቸውን ተራ በመጠባበቅ በእጥበት ላይ ከቆዩት ጋር አነጻጽሮ፣ በተከላው የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት የሞት አደጋው ከፍ ያለ ቢሆንም፣ ከጊዜ በኋላ ግን በሁለት ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከሕያው ለጋሽ የተገኘ ኩላሊት አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል።

ከእነዚህ ሁሉ የምንገነዘበው፣ እጥበት በየሳምንቱ ትንሽ በትንሹ ስለሚከፈል ርካሽ መስሎ ይታያል፤ ንቅለ ተከላ ግን በአንድ ጊዜ ስለሚጠየቅ ያስፈራል። ዓመታቱ ሲደመሩ ግን ውድ የሚሆነው ያ ርካሽ የመሰለው ነው።

4. ማን ይክፈል? ከሲያትል የሚገኝ ትምህርት

በሲያትል ከተማ ሰው ሠራሽ ኩላሊት መሥራት በጀመረበት ጊዜ መሣሪያው ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ ነበር። ስለሆነም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሕክምና ውጭ ያሉ ሰዎች የሚገኙበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም የሕመምተኛውን ዕድሜ፣ ሥራ፣ የልጆቹን ቍጥርና ጠባዩን እየመረመረ ማን እንዲታጠብ፣ ማን እንዲቀር ይወስን ነበር። ነገሩ በጋዜጣ በወጣ ጊዜ የአገሩ ሰው ደነገጠ። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ1972 የአሜሪካ መንግሥት ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ወጪውን ራሱ እንዲሸፍን ሕግ አወጣ።

ያም ሕግ ግን ቀዳዳ ነበረበት። እጥበቱን ያለ ገደብ ሲከፍል፣ ኩላሊት የተተከለለትን ሰው መድኃኒት ግን ዕድሜው ካልገፋ ወይም ሌላ አካል ጕዳት ከሌለበት ከ36 ወር በኋላ አይከፍልም ነበር። በዚህ የተነሣ መድኃኒቱን መግዛት ያቃታቸው ሰዎች የተተከለላቸውን ኩላሊት አጥተው እጅግ ወደሚወደደው እጥበት ተመለሱ። መንግሥት ትንሹን ወጪ ሸሽቶ ትልቁን ተሸከመ። ይህ ስሕተት የታረመው በታኅሣሥ 2020 በወጣና ከጥር 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለ ሕግ ነው። እንግዲህ የበለጸገ መንግሥት እንኳ የመድኃኒቱን ወጪ በትክክል ለመቁጠር ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከፈጀበት፣ በጭንቀት ላይ ያለ ድኻ ቤተሰብ ቢዘነጋው አያስገርምም።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ኮሚቴ የለም፤ ነገር ግን ምርጫው አልቀረም። ማን እንደሚታጠብ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ መቼ እንደሚያቆም የሚወስነው የየቤቱ ገንዘብ መያዣ ነው። ኮሚቴው ቢያንስ ፊት ለፊት ይታይ ነበር፤ የእኛው ፍርድ ግን በየጓዳው በዝምታ ይፈጸማል።

5. በአገራችን ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ከተማና በአማራ ክልል በሚገኙ ከፍተኛ ሆስፒታሎች የተደረገና በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የአንድ ሕመምተኛ የእጥበት ወጪ በአማካይ በዓመት ከ120 ሺህ ብር በላይ፣ ማለትም በጥናቱ ምንዛሪ ወደ 4,400 ዶላር ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። የአገሪቱ የነፍስ ወከፍ ገቢ በዚያን ጊዜ በዓመት ከ1,000 ዶላር በታች እንደነበረ ስናስብ፣ አንድ ሰው ለመታጠብ የአራት ሰዎች የዓመት ገቢ ይበቃዋል ብሎ ለመናገር ያስቸግራል። ከዚያ ወዲህ የብር ምንዛሪ በእጅጉ ስለተለወጠ፣ በተለይም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በብር የተቈጠረውን ዋጋ ለዛሬ መውሰድ አይቻልም። የእጥበት ማጣሪያውም ሆነ መድኃኒቱ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ይወጣል።

ንቅለ ተከላን በተመለከተ፣ ለብዙ ዘመን ያለው መንገድ ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ፣ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሌላ አገር መሄድ ብቻ ነበር። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገር ውስጥ ተደረገ። በዚህም በሕይወት ያለ የቅርብ ዘመድ ኩላሊቱን ለዘመዱ በአገሩ ላይ የሚሰጥበት በር ተከፈተ። ቤተሰብ ወደ ውጭ ለመሄድ ከማሰቡ በፊት በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ማዕከል ነው።

ወደ ውጭ መሄድ የግድ ከሆነም የሆስፒታሉን ዋጋ ብቻ መቁጠር አይበቃም። የሚሄዱት ሕመምተኛው፣ ለጋሹና አስታማሚው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ለሦስቱም የአውሮፕላን ቲኬት፣ ለሳምንታት የሚቆይ የቤት ኪራይና ቀለብ ያስፈልጋል። የዝምድና ማስረጃም አስቀድሞ መሟላት አለበት፤ ለምሳሌ ሕንድ በ1994 ባወጣችው ሕግ መሠረት የውጭ አገር ለጋሽና ተቀባይ ዝምድናቸውን በማስረጃ ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ማስረጃው እስኪሟላ ድረስ በባዕድ አገር መታጠብ የሚያስከፍለው ገንዘብ ለተከላው የተያዘውን ሲበላ ታይቷል።

6. በደረሰኝ ላይ የማይጻፍ ወጪ

በከተሞቻችን ጎዳናዎች የሕመምተኛ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት መኪና በድምፅ ማጉያ እርዳታ ሲጠይቅ ያላየ የለም። በዚያ የሚሰበሰበው ገንዘብ የሚውለው በደረሰኝ ላይ ለሚጻፈው ነው። የማይጻፈው ግን ብዙ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የሚታጠብ ሰው በዓመት 156 ቀን ከሥራው ይቀራል፤ የቀሩትንም ቀናት ደክሞ ይውላል። አስታማሚውም እንዲሁ ሥራውን ይተዋል። በገጠር የሚኖር ሕመምተኛ እጥበት ወዳለበት ከተማ ተሰዶ ቤት ይከራያል። ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ደም ሲያንሰው ደም መስጠት፣ መርፌ መግዛት ይመጣል።

ከሁሉም የሚከፋው እጥበትን በማሳነስ የሚደረገው ቁጠባ ነው። ሦስቱን ቀን ሁለት፣ ሁለቱንም አንድ ማድረግ ገንዘቡን ያቆያል እንጂ ሰውየውን አያቆይም። ውኃና መርዝ በሰውነቱ ተጠራቅሞ ልቡን ይጐዳል፤ በኋላ ለጋሽ ቢገኝ እንኳ ለቀዶ ሕክምናው የማይችል ደካማ ሆኖ ይገኛል። መምህሩም የደረሰባቸው ይኸው ነው። እኛ ወጪው ተቃለለ ብለን በተጽናናንበት ወራት እሳቸው ዐቅማቸውን እየጨረሱ ነበር።

7. ስለሚሰጠው ሰው

ኩላሊት የሚሰጥ ሰው ምን ይደርስበታል? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከዚህ በፊት በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ከ10,000 ለጋሾች ሦስት ያህል ከቀዶ ሕክምናው ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሚሞቱ አሳይተው ነበር፤ በ2024 የታተመው ጥናት ደግሞ ይህ ቍጥር ከአንድ በታች መውረዱን ገልጿል። ሙሉ ምርመራ ተደርጎለት የሰጠ ጤነኛ ሰው በአንድ ኩላሊት ዕድሜውን ሊኖር ይችላል። ሆኖም ለጥቂት ሳምንታት ከሥራ መቅረቱን፣ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ የደም ግፊቱንና የሽንቱን ሁኔታ መከታተል እንዳለበት ከወጪው ጋር መቁጠር ይገባል። ስለ ለጋሹ ያላሰበ ስሌት ሙሉ ስሌት አይባልም።

ቸግሮት ኩላሊቱን የሚሸጥስ? በ2001 በሕንድ ቼናይ ከተማ ኩላሊታቸውን የሸጡ 305 ሰዎች ተጠይቀው ነበር፤ ውጤቱም በሚቀጥለው ዓመት ታትሟል። ከመቶው 96ቱ የሸጡት ዕዳ ለመክፈል ነበር። ከሽያጩ በኋላ የቤተሰባቸው ገቢ በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ፤ ከአራቱም ሦስቱ ያህል አሁንም ባለ ዕዳ ነበሩ። ገንዘቡ ዐለፈ፤ ኩላሊቱ አልተመለሰም፤ ዕዳው ግን ቀረ።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1995 ባወጡት የሕይወት ወንጌል በተባለው መልእክታቸው የአካል ልገሳን ከሚመሰገኑ የዕለት ተዕለት የፍቅር ሥራዎች ጋር ቈጥረውታል፤ ነሐሴ 29 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. በሮም ለተሰበሰቡ የንቅለ ተከላ ሊቃውንት ባደረጉት ንግግር ደግሞ የሰውን አካል እንደ ሸቀጥ መሸጥና መግዛት ከሰው ክብር ጋር እንደማይስማማ፣ ለጋሹም ምን እንደሚያደርግ ዐውቆ በነጻ ፈቃዱ መስማማት እንዳለበት አስረድተዋል። እንግዲህ ልገሳ ስጦታ ነው፤ ስጦታም በግድ አይሆንም። በቤተ ዘመድ ጉባኤ መካከል «አንቺ ያላገባሽ ስለሆንሽ ስጪ» ብሎ ማስጨነቅ ከሽያጭ ብዙም አይርቅም። መጠየቅና ማስገደድ ይለያያሉ፤ እኛ ግን ማስገደድን ፈርተን ጨርሶ ሳንጠይቅ እንቀራለን።

8. ምን እናድርግ?

ከላይ ያየነውን መሠረት አድርገን ለቤተሰቦች፣ ለእድሮችና ለቁምስናዎች የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ኩላሊት ደክሟል ተብሎ በተነገረ በመጀመሪያው ወር ቤተሰቡ ከሐኪም ጋር ይቀመጥ። «ንቅለ ተከላ ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን እንጂ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ አይጠየቅ። ዕድሜው ወይም ሌላ ሕመሙ ለተከላ የማያበቃው ሰው አለ፤ ለእርሱ እጥበቱ ራሱ ተገቢው ሕክምና ነውና ገንዘቡ ለዚያ ይያዝ።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡ በወረቀት ላይ ይጻፍ። የአንዱ እጥበት ዋጋ በሳምንቱ የእጥበት ቍጥር፣ ከዚያም በ52 ይባዛ። ለምሳሌ ያህል ብቻ አንዱ እጥበት 2,000 ብር ቢሆን፣ በሳምንት ሦስቴ የሚታጠብ ሰው በዓመት 312,000 ብር ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ መጓጓዣ፣ መድኃኒት፣ የቤት ኪራይና የቀረው ደመወዝ ይደመር። በሌላው ዓምድ የተከላው ዋጋና የመድኃኒቱ የወር ወጪ ይጻፍ። ሁለቱ ዓምዶች ለአምስት ዓመት ተደምረው ይታዩ።

ሦስተኛ፣ የሦስት ዓመት መድኃኒት ከየት እንደሚገኝ ሳይታወቅ ወደ ተከላ አይኬድ። የሚረዱ ወዳጆችም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ፣ ከፊሉን በየወሩ ለመድኃኒት ለመስጠት ቃል ቢገቡ ይሻላል። በባዕድ አገር የሚኖሩ ልጆችና ዘመዶችም ይህን ቢያውቁ ይጠቅማል፤ የአውሮፕላኑን ቲኬት የሚገዛ ብዙ ነው፤ በአራተኛው ዓመት መድኃኒት የሚገዛ ግን ጥቂት ነው።

አራተኛ፣ ለጋሽ ሊሆኑ የሚችሉት ዘመዶች ሁሉ በአንድነት ይነገራቸው፤ እያንዳንዳቸውም ለየብቻቸው ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ። እምቢ ያለውም ሰው ምክንያቱ በቤተ ዘመድ ፊት አይገለጥበት።

አምስተኛና ከሁሉም የሚልቀው፣ ሕመሙ ሳይመጣ መጠበቅ ነው። የደም ግፊትን መለካት፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ማወቅ፣ ሽንትንና ክሪያቲኒን የተባለውን የደም ምርመራ ማስደረግ የሚያስወጣው ገንዘብ ከአንድ ቀን እጥበት ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የደም ግፊት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ማቆም የለበትም። ቁምስናዎች በየዓመቱ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአካባቢው ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግረው የደም ግፊት መለኪያ ቢያዘጋጁ፣ በኋላ ሙዳየ ምጽዋት ከሚዞርበት ብዙ እሑድ ያድናሉ።

በመጨረሻም፣ ገንዘብን መቁጠር የእምነት ማነስ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ስለ ዋጋ መነጋገር ያሳፍራል። ነገር ግን ዋጋውን ያልተነጋገርንበት ቤት ዋጋውን ከመክፈል አልዳነም፤ በማይሆን ጊዜና በማይሆን መንገድ ከፈለው እንጂ። እኅትየው ለወንድሟ ልትሰጥ ፈቅዳ ነበር፤ ሕዝቡም የዐቅሙን ሰጥቶ ነበር። ሁለቱ ስጦታዎች ግን በአንድ ጊዜ ሳይገናኙ ቀሩ። እንዲገናኙ ለማድረግ አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክርቢቶና አንድ የሚጠይቅ ሰው ይበቃ ነበር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በእድራችን ወይም በቁምስናችን ለሕመምተኛ ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ ገንዘቡ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚበቃና ለየትኛው ሕክምና እንደሚውል የሚያሰላ ሰው አለን?

2. የእንግሊዝን የዐሥር ዓመት ስሌት በምናውቀው የአንድ ቤተሰብ ሁኔታ ብንሠራው ምን እናገኛለን? በየትኛው ዓመት ላይ እጥበቱ ከተከላው ይበልጣል?

3. ዘመድን ኩላሊት እንዲሰጥ በመጠየቅና በማስገደድ መካከል ያለው ድንበር የት ላይ ነው?

4. ከመካከላችን ባለፈው ዓመት የደም ግፊቱን የተለካ ስንት ነው?